«ቴምፕሌቱን ብነካ የገጾቼ ጽሑፍ ሁሉ ጠፋ»

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ያስተዳድራሉ። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦

«የማረፊያችንን ድረ ገጽ ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የሠራሁት ራሴ ነኝ። ቲሙ፣ ማለትም የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው ጥቅል፣ ትዌንቲ ትዌንቲ-ፎር ነው። 8 ገጾች አሉት፤ ሦስቱ ስለ ክፍሎቻችን የሚናገሩ ናቸው። በክፍል ገጾቹ ላይ ብቻ ከላይ ያለው ትልቁ ርዕስ እንዲጠፋ፣ ከታች ደግሞ ስልካችንና ‹ክፍል ይያዙ› የሚል ቁልፍ እንዲገባ ፈለግኩ። በአፒራንስ በኩል ኤዲተር ውስጥ ገብቼ፣ ቴምፕሌትስ ከሚለው ‹ፔጅስ›ን ከፈትኩ። ርዕሱን አጠፋሁ። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር የተጻፈበት፣ ምንም የማይጠቅም የመሰለኝ ሳጥን ነበር፤ እሱንም አጠፋሁና በቦታው የባለ አንድ አልጋውን ዋጋ፣ ስልኩንና ቁልፉን አስገባሁ። ሴቭ ሳደርገው ሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት ሆነ። ‹ስለ እኛ›ም፣ ‹አድራሻችን›ም ያንኑ የባለ አንድ አልጋ ዋጋ ያሳያሉ። የጎረቤት ልጅ በሆስቲንጉ (ድረ ገጹ በተቀመጠበት ኮምፒውተር) በኩል ገብቶ የቴምፕሌቱን ፋይል አስተካከለው፤ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ባለሙያ ደግሞ ‹ቲሙ ተበላሽቷል፣ ሌላ ገዝተን ከመሠረቱ በኮድ እንሥራው› ይለኛል። ጽሑፌ ጠፍቶ ቀርቷል? ቲም ልቀይር? ወይስ ኮድ የሚጽፍ ሰው ልቅጠር?»

ጽሑፍዎ አልጠፋም። ቲሙም አልተበላሸም። ኮድ የሚጽፍ ሰውም አያስፈልግዎትም። ማስተካከሉ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ያልቃል። ምክንያቱ ሳይገባዎት ካስተካከሉት ግን በሳምንቱ ሌላ ቦታ ላይ ይደግሙታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምክንያቱን ላስረዳ።

አንድ እንግዳ የክፍል ገጽዎን ሲከፍት የሚያየው ነገር ከሁለት ቦታ ተገጣጥሞ የሚመጣ ነው። አንደኛው እርስዎ ገጹ ላይ የጻፉት ጽሑፍና ያስገቡት ፎቶ ነው። ሁለተኛው በዙሪያው ያለው ነው፦ ከላይ አርማውና ሜኑው፣ ቀጥሎ ርዕሱ፣ የጽሑፉ ስፋት፣ በየመሐሉ ያለው ክፍተት፣ ከታች ግርጌው። ቴምፕሌት የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። የአንድ ገጽ ንብረት አይደለም፤ የተለየ ቴምፕሌት ያልተሰጣቸው ገጾች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት ነው። የእርስዎ ገጾች እርስዎ በነኩት በ«ፔጅስ» ላይ ተንጠልጥለው ስለነበር፣ እሱን ሲነኩ ሁሉንም ነኩ።

የሠርግ ጥሪ ካርድ አስበው ያውቃሉ? ማተሚያ ቤቱ የሙሽሮቹን ስም፣ ቀኑንና አዳራሹን ያትማል። «ለክቡር» ከሚለው ቀጥሎ ግን ባዶ መስመር ይተዋል፤ የተጠሪው ስም በኋላ በእጅ ይጻፍበታል። ቴምፕሌት የሚታተመው ነው። ገጽ በእጅ የሚሞላው ስም ነው። ያች በእንግሊዝኛ የተጻፈባት «የማትጠቅም» ሳጥን ደግሞ ባዶዋ መስመር ናት። ስሟ «ኮንተንት» ብሎክ ይባላል (ብሎክ ማለት ገጽ የሚገነባባት እያንዳንዷ ሳጥን ናት)፤ ሥራዋ «የገጹ ጽሑፍ እዚህ ይግባ» ማለት ብቻ ነው። ውስጧ ያለው እንግሊዝኛ ለአዘጋጁ የተቀመጠ ማብራሪያ ነው እንጂ ለጎብኚ አይታይም። እርስዎ ያደረጉት መስመሯን አውጥቶ በቦታዋ «ለክቡር አቶ እንትና» ብሎ ማሳተም ነው። 500 ካርድ ቢታተም 500ውም ለአቶ እንትና ነው የሚሄደው። የሌሎቹ ተጠሪዎች ስም ግን ከመዝገቡ አልተፋቀም፤ የሚወጣበት ቦታ ነው ያጣው።

ይህን ለማረጋገጥ አሁኑኑ ከዳሽቦርዱ «ፔጅስ» የሚለውን ሜኑ (ቴምፕሌቱን ሳይሆን የገጾቹን ዝርዝር) ከፍተው «ስለ እኛ»ን ይክፈቱ። ጽሑፉ እንዳለ ተቀምጦ ያገኙታል። አዳዲሶቹ የዎርድፕሬስ እትሞች ያችን ብሎክ ለማጥፋት ሲሞከር የገጹ ይዘት መታየት እንደሚያቆም ያስጠነቅቃሉ። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ኦኬ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ መልእክት ብቅ ሲል ቆም ይበሉ፤ ዎርድፕሬስ ያለ ነገር አይጮህም።

በዚህ የተሳሳቱት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የማውቀው ሱቅ በአረፋ ሰሞን «ለበዓሉ ዝግ ነን» ብሎ በገጽ ፋንታ ቴምፕሌቱ ላይ ጻፈ። በዓሉ ሲያልፍ ማስታወቂያውን ለማንሳት መነሻ ገጹን ቢከፍት እዚያ የለም፤ ሌሎቹን ቢከፍት እዚያም የለም። ድረ ገጹ እስከ እንቁጣጣሽ ዝግ ሆኖ ከረመ።

አሁን ስለ ጎረቤትዎ ልጅ። ልጁ ያደረገው በድሮው አሠራር ትክክል ነበር። በድሮዎቹ ቲሞች ቴምፕሌት ማለት በቲሙ አቃፊ ውስጥ ያለ ፋይል ብቻ ነበር፤ ፋይሉን ካረሙ ድረ ገጹ ይታረማል። የእርስዎ ቲም ግን የብሎክ ቲም ነው፤ ቴምፕሌቶቹም በብሎክ የተሠሩ ናቸው። ይህ አሠራር በይፋ የገባው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከዎርድፕሬስ 5.9 ጋር ነው። በብሎክ ቲም ውስጥ ኤዲተሩ ላይ «ሴቭ» ሲሉ ዋናው ፋይል አይነካም፤ የእርስዎ ቅጂ ዳታቤዝ (የድረ ገጹ መረጃ የሚቀመጥበት መዝገብ) ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። ጎብኚ ሲመጣ ዎርድፕሬስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዳታቤዙን ነው። እዚያ የእርስዎ ቅጂ ካለ ፋይሉን ዞር ብሎም አያየውም። ልጁ ፋይሉ ላይ ሲደክም የዋለው ማንም በማያነበው ወረቀት ላይ ነው። ይባስ ብሎ ቲሙ አፕዴት ሲደረግ ያ ፋይል በአዲስ ይተካል፤ ድካሙም አብሮ ይሄዳል። ዩቲዩብ ላይ ከ2022 በፊት የተቀረጹ ትምህርቶችን እያዩ «እኔ ጋ ይሄ ሜኑ የለም» የሚሉ ሰዎች ችግርም ይኸው ነው፤ የሚማሩት ለሌላ ዓይነት ቲም ነው።

ይህ አሠራር ለእርስዎ በጎ ነገርም አለው። ዋናው ፋይል ስላልተነካ ወደ መጀመሪያው መመለስ ይቻላል። አንድ እርምት ላክልበት፦ ልጁ ፋይሉ ላይ ምን እንደለወጠ ስለማናውቅ፣ ቲሙን አንድ ጊዜ እንደ አዲስ ማስገባት፣ ወይም አፕዴት ካለው አፕዴት ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን አይነካም፤ ፋይሎቹን ብቻ ንጹሕ ያደርጋል።

ወደ ጥገናው እንግባ። ምንም ከመንካትዎ በፊት ከሆስቲንግዎ መቆጣጠሪያ ሙሉ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይያዙ፤ ፋይሎቹንም ዳታቤዙንም። ፋይሎቹን ብቻ መያዝ አይበቃም፤ የጻፉት ነገር ሁሉ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ከዚያ ከላይ እንዳልኩት ቲሙን እንደ አዲስ ያስገቡና የተበላሸውን «ፔጅስ» ቴምፕሌት ይክፈቱ። ከላይ በስተቀኝ ሦስት ነጥብ ያለውን ምልክት ሲጫኑ «ኮፒ ኦል ብሎክስ» የሚል ያገኛሉ። እሱን ተጭነው ወዲያው አንድ አዲስ ገጽ ይክፈቱና ይለጥፉት፤ ገጹን ሳያወጡት ድራፍት አድርገው ያስቀምጡት። የደከሙበት ስልክና ቁልፍ እንዳይጠፋ ነው። ከዚያ ወደ ቴምፕሌቶቹ ዝርዝር ተመልሰው ከ«ፔጅስ» ጎን ካለው ሦስት ነጥብ «ሪሴት» ይበሉ፤ በቆዩ እትሞች «ክሊር ከስተማይዜሽንስ» ይባላል። ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ቅጂ ይጠፋል፣ የቲሙ ፋይል ሥራውን ይረከባል፣ ገጾችዎ ከነጽሑፋቸው ይመለሳሉ። ካልተመለሱ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የካሽ ፕለጊን ነው፤ ገጹ ቶሎ እንዲከፈት የቆየ ቅጂውን አስቀምጦ የሚያሳይ ተጨማሪ መሣሪያ ማለት ነው፤ ካሹን ያጽዱና በሌላ ስልክ ይክፈቱት።

ሪሴት ምሕረት የለውም። ያንን ቴምፕሌት በኤዲተሩ የለወጡትን በሙሉ ነው የሚያጠፋው፤ የትናንቱን ብቻ መርጦ አያጠፋም። ስለዚህ ወደፊት ብዙ በደከሙበት ቴምፕሌት ላይ ሪሴትን የመጀመሪያ መፍትሔ አያድርጉት። በአዲሶቹ እትሞች ቴምፕሌትም እንደ ገጽ የቀድሞ ቅጂዎቹ ስለሚቀመጡ፣ መጀመሪያ በቀኙ ዓምድ «ሪቪዥንስ» የሚለውን ይመልከቱ።

ጥገናው ይኸው ነው። አሁን መጀመሪያ ወደፈለጉት ነገር እንመለስ። የእኔ ምክር አንድ ነው፤ ማንኛውንም ነገር ከመጻፍዎ በፊት «ይህ ነገር ቤቱ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። አራት ቤቶች አሉ፦ ገጽ፣ ቴምፕሌት፣ የቴምፕሌት ክፍል (እንደ አናቱና ግርጌው ያለ) እና ፓተርን (አንድ ላይ ታስረው በብዙ ቦታ የሚገቡ ብሎኮች)። የእርስዎ መከራ የመጣው ዋጋውን፣ ስልኩን፣ ቁልፉንና የርዕሱን መጥፋት አራቱንም አንድ ቤት ውስጥ ስላስገቧቸው ነው። ቤታቸው ግን ለየብቻ ነው።

ርዕሱን ማጥፋት ከሆነ ትዌንቲ ትዌንቲ-ፎር ለዚህ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ፔጅ ኖ ታይትል» ይባላል። ገጹን ከፍተው በቀኙ ዓምድ «ቴምፕሌት» የሚለውን ሲጫኑ ቴምፕሌቱን የመቀየሪያ አማራጭ ይመጣል፤ ከዚያ መምረጥ ነው። ርዕሱ ከላይ ሲጠፋ ግን ገጹ ውስጥ በራስዎ ቃል አንድ ዋና ርዕስ ያስገቡ፤ ደረጃውን «ኤች 1» ያድርጉት። ዋና ርዕስ የሌለው ገጽ ለጉግልም፣ በስክሪን አንባቢ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር እንግዳም ራስ የሌለው ነገር ነው።

ሦስቱ የክፍል ገጾች ከሌሎቹ የተለየ መልክ ይኑራቸው ካሉ ደግሞ የራሳቸው ቴምፕሌት ይሠራላቸው። ቴምፕሌትስ ውስጥ «አድ» ብለው ከሚመጡት አማራጮች «ከስተም ቴምፕሌት»ን ይምረጡና በአማርኛ ስም ይስጡት፤ «የክፍል ገጽ» ቢሉት ይበቃል። ውስጡ ከላይ ወደ ታች ሄደሩን (አርማውና ሜኑው ያሉበትን አናት)፣ ከዚያ ያችን ኮንተንት ብሎክ፣ ከዚያ የስልክና የቁልፉን ቦታ፣ ከዚያ ፉተሩን (ግርጌውን) ያስቀምጡ። ኮንተንት ብሎኳን መጀመሪያ ያስገቧት፤ ሌላው ሁሉ በእሷ ዙሪያ ነው። ከዚያ ሦስቱን ገጾች በየተራ ከፍተው ቴምፕሌታቸውን ወደ «የክፍል ገጽ» ይቀይሩ። ሌሎቹ 5 ገጾች ምንም አይደርስባቸውም። አንድ ቀን ያንን ቴምፕሌት ቢያጠፉት እንኳ ሦስቱ ገጾች አይወድቁም፤ በራሳቸው ወደ «ፔጅስ» ይመለሳሉ።

አዲስ ቴምፕሌት ለመጨመር ሲገቡ ሌላ ፈታኝ አማራጭም ያያሉ፤ ለአንድ ለተመረጠ ገጽ ብቻ የሚሆን ቴምፕሌት መሥራት ይቻላል። ዎርድፕሬስ ቴምፕሌት ሲመርጥ ከጠባቡ ወደ ሰፊው ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ለገጹ በእጅ የተመረጠለት ካለ እሱን፣ ከዚያ በገጹ ስም የተሠራ ካለ እሱን፣ ከዚያ «ፔጅስ»ን፣ ሁሉም ከሌሉ «ኢንዴክስ» የሚባለውን የመጨረሻውን ይወስዳል። ለአንድ ገጽ ብቻ የሚሠራው አማራጭ ለእርስዎ አይሆንም። ለባለ አንድ አልጋ አንድ፣ ለባለ ሁለት አንድ፣ ለቤተሰብ ክፍሉ አንድ እያሉ ሦስት ተመሳሳይ ቴምፕሌት ይሠሩና ቁልፉ ሲቀየር ሦስቱም ጋ እየዞሩ ሊያርሙ ነው። ወገብዎን ለማሳመም ካልሆነ በቀር ምን ይጠቅማል?

ስልኩና ቁልፉ ከሁሉም በላይ ሊጠነቀቁላቸው የሚገቡ ናቸው። ስልክ ይቀየራል። የእርስዎ ስልክ ደግሞ በክፍል ገጾቹ ላይ፣ «አድራሻችን» ላይ፣ ምናልባት ግርጌውም ላይ አለ። በየቦታው በእጅ ከጻፉት አንዱ ጋ መርሳትዎ አይቀርም፤ እንግዳው ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ፣ የሐረጎን ዳገት እየወጣ በማይሠራው ቁጥር ሲደውል ይታየኛል። ስለዚህ ስልኩንና ቁልፉን አንድ ላይ አስረው «ሲንክድ ፓተርን» ያድርጓቸው። ይህ ነገር እስከ 2023 አጋማሽ ድረስ «ሪዩዘብል ብሎክ» ይባል ነበር፤ ስሙን የለወጠው ዎርድፕሬስ 6.3 ነው። ሁለቱን ብሎኮች መርጠው «ክሪኤት ፓተርን» ሲሉ «ሲንክድ» የሚለው ምልክት በርቶ ይቆይ፤ ካጠፉት ተራ ቅጂ ነው የሚሆነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ሲያርሙት ያለበት ሁሉ ይታረማል። ቁልፉ ላይ የሚሰጡት ሊንክ በ tel:+251 የሚጀምር የስልክ አድራሻ ይሁን፤ እንግዳው በሞባይሉ ሲነካው በቀጥታ መደወያው ይከፈትለታል። ውጭ አገር ያለ ሰው በ0 የሚጀምረውን ቁጥር ነክቶ አያገኝዎትም።

ዋጋው በየገጹ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቴምፕሌት ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ከክፍል ክፍል የሚለይ ነገር ሁሉ የገጹ ነው። ይህን አንዱን ብቻ ቢይዙ የዛሬው ጥያቄ አይደገምም።

ሄደሩና ፉተሩ «የቴምፕሌት ክፍል» ይባላሉ፤ እነሱ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «የክፍል ገጽ» ቴምፕሌት ውስጥ ሆነው ሄደሩ ላይ አንድ ቃል ቢጨምሩ፣ ያ ቃል በድረ ገጹ በሙሉ ይታያል፤ ሄደሩ አንድ ነውና፤ ሁሉም ቴምፕሌቶች እሱኑ ይጠሩታል። ለክፍል ገጾች ሌላ ሄደር ከፈለጉ አዲስ የቴምፕሌት ክፍል ሠርተው በእሱ ይተኩት። በእርስዎ መጠን ላለ ድረ ገጽ ግን አንድ ሄደር ይበቃል፤ እንግዳ ከገጽ ገጽ ሲሄድ ሜኑው ሲቀያየርበት የተሳሳተ ቤት የገባ ይመስለዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያድንዎት «ሴቭ» ሲሉ ብቅ የሚለውን ዝርዝር ማንበብ ነው። ገጽና ቴምፕሌት አንድ ላይ ተነካክተው ከሆነ ዎርድፕሬስ ዝም ብሎ አያስቀምጥም። በቀኝ በኩል «ቴምፕሌት»፣ «ፔጅ»፣ «ቴምፕሌት ፓርት» እያለ ለየብቻ ይዘረዝርና ከእያንዳንዱ ጎን ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ያስቀምጣል። አንድ ገጽ ብቻ አረምኩ ብለው እያሰቡ እዚያ «ቴምፕሌት» የሚል ካዩ ሳያውቁ የጋራውን ነክተዋል። ምልክቱን ያንሱትና ገጹን ብቻ ያስቀምጡ። ሰው ሁሉ ይህን ዝርዝር እንደ ውል ወረቀት ሳያነብ ነው የሚፈርመው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፦ ቲም ልቀይር? አይቀይሩ። በኤዲተሩ የሠሩት ቴምፕሌት ከቲሙ ጋር ታስሮ ነው ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው። ሌላ ቲም ሲያበሩ «የክፍል ገጽ» የሚለው ቴምፕሌት ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ የቀለምና የፊደል ምርጫዎ ይጠፋል፤ ወደ ቀድሞው ሲመለሱ ይመለሳሉ። ገጾችዎ፣ ፎቶዎችዎ፣ የሜኑው ይዘትና ሲንክድ ፓተርኖችዎ ግን ቲም ቢቀየርም አብረውዎት ይሄዳሉ። ስልኩን ፓተርን ያድርጉት ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቲም አፕዴት ደግሞ ብዙዎች እንደሚፈሩት በኤዲተር የሠሩትን አያጠፋም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ እርስዎ የለወጡት ቴምፕሌት ላይ የቲሙ ሠሪዎች በኋላ የሚያደርጉት ማሻሻያ አይደርስዎትም፤ የእርስዎ ቅጂ ፊት ለፊት ቆሞበታልና። «ፔጅስ»ን ሳይነኩ አዲስ ቴምፕሌት ይሥሩ ማለቴ ለዚህም ነው።

«በኮድ እንሥራው» የሚለው አማራጭ ቦታ አለው፤ ግን የእርስዎ ቦታ አይደለም። አንድ ድርጅት ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ብዙ ድረ ገጾች ሲኖሩት፣ ወይም ሥራውን ብዙ ሰዎች ሲጋሩት ለውጡን ከዳታቤዝ አውጥቶ ፋይል ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነው። ያኔ ቻይልድ ቲም፣ ማለትም በዋናው ቲም ላይ ተደርቦ ለውጦቹን ብቻ የሚይዝ ቲም፣ ይሠራል። ለዚያም ቢሆን ዛሬ ብዙ ኮድ አይጻፍም፤ ከዎርድፕሬስ ሰዎች ራሳቸው የተዘጋጀ «ክሪኤት ብሎክ ቲም» የሚባል ፕለጊን አለ። ለእርስዎ የሚበቃው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ኤዲተሩ ውስጥ ካለው ሦስት ነጥብ «ኤክስፖርት» ማለት ነው፤ ቲሙን ከነለውጦችዎ አንድ የታመቀ ፋይል አድርጎ ያወርድልዎታል። ያ ፋይል ግን ቴምፕሌቶቹንና መልኩን እንጂ ገጾቹንና ፎቶዎቹን አይዝም። ባክአፕ ነው ብለው እንዳይታለሉ።

አማርኛን በሚመለከት፣ እርስዎ ባይጠይቁም፣ ቴምፕሌት ከተነሳ አይቀር ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው የፊደል ቅርጽ፣ ፎንት የሚባለው ነው። ከቲሙ ጋር የሚመጡት ፎንቶች የግዕዝ ፊደል አልያዙም። ጎብኚው የሚያየው አማርኛ በገዛ ስልኩ ላይ ያለውን ነው፤ አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ቀጭን፣ አንዱ ጋ ከእንግሊዝኛው አንሶ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ፣ ከዎርድፕሬስ 6.5 ወዲህ፣ ኤዲተሩ ላይ ስታይልስ ውስጥ የፎንት መጋዘን አለ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ከዚያ ያስገቡና ለጽሑፍም ለርዕስም ይምረጡት፤ ፋይሉ ወደ እርስዎ ሆስቲንግ ይወርዳል። የሚያስፈልግዎትን ውፍረት ብቻ ይምረጡ፤ መደበኛውና ደማቁ ይበቃሉ። ሁሉንም ካስገቡ በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ገጹ ይከብዳል። የመስመር ክፍተቱንም ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ፊደላችን ከላይም ከታችም ቅጥያ ስላለው ሲጠብ ይጨናነቃል።

ሁለተኛው የገጹ አድራሻ፣ ስላግ የሚባለው ነው። ርዕሱን በአማርኛ ሲጽፉ ዎርድፕሬስ አድራሻውንም በአማርኛ ያደርገዋል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ግን እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ 9 ምልክት ተቀይሮ ነው የሚቀመጠው፤ ለስላግ የተመደበው ቦታ ደግሞ 200 ምልክት ነው። ስለዚህ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ አድራሻው ይቆረጣል፤ በቴሌግራም ሲልኩትም የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የሞላበት ረጅም ዝባዝንኬ ሊሆን ይችላል። ርዕሱን በአማርኛ ይተዉት፤ ስላጉን ብቻ በላቲን ፊደል አሳጥረው ይጻፉት። የድረ ገጹን ቋንቋ በሴቲንግ አማርኛ ያድርጉት፤ የራስዎን ዳሽቦርድ ግን ፕሮፋይልዎ ውስጥ እንግሊዝኛ አድርገው ቢተዉት እንደዚህ ያሉ ማብራሪያዎችን ሲከተሉ ሜኑዎቹን በቀላሉ ያገኟቸዋል።

ቴምፕሌት የማይችለውንም ልንገርዎት። «ክፍሉ ከተያዘ ቁልፉን ደብቅ» ቢሉት አይሰማም፤ ማሰብ አይችልም። ዋጋውን አንድ ቦታ ጽፈው በክፍል ገጹም፣ በመነሻ ገጹም፣ በዋጋ ዝርዝሩም በየራሱ ቦታ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ያ ከስተም ፊልድ የሚባለውን፣ ለአንድ መረጃ ብቻ የሚዘጋጅ ሳጥን፣ ማወቅ ይፈልጋል። ለሦስት ዓይነት ክፍል በእጅ መጻፍ ይሻላል። ክፍል በቀን እየቆጠረ የሚያስይዝ ሥርዓት ከፈለጉ ደግሞ የሚያስፈልገው የቦታ ማስያዣ ፕለጊን ነው። የትኛውም ቲም፣ ምንም ያህል ቢወደድ፣ ይህን አያደርግልዎትም። «ሌላ ቲም እንግዛ» ያለዎትን ሰው ቲሙ ከዚህ ውስጥ የትኛውን እንደሚያደርግ ይጠይቁት።

የመጨረሻው ጥንቃቄ የሰው ነገር ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ የሚሠሩ ልጆች ዋጋና ፎቶ እንዲቀይሩ ከፈለጉ የእርስዎን ይለፍ ቃል አይስጧቸው። ለእያንዳንዳቸው አካውንት ይክፈቱና ማዕረጋቸውን «ኤዲተር» ያድርጉት። ገጾችን ይጽፋሉ፣ ያርማሉ፤ ቴምፕሌት መለወጥ ግን አይችሉም። ስሙ ያስቃል፤ «ኤዲተር» የሚባለው ሰው «ኤዲተር» የሚባለውን ሜኑ መክፈት አይፈቀድለትም፤ ያ የአድሚን ብቻ ነው። እርስዎም ለዕለት ሥራዎ በዚሁ ማዕረግ ሁለተኛ አካውንት ይክፈቱ። አድሚኑን ለአፕዴትና ለባክአፕ ቀን ያቆዩት።

እንግዲህ አብሽሩ፤ ዛሬ ባክአፕ ይያዙ፣ «ፔጅስ»ን ሪሴት ያድርጉ፣ ነገ «የክፍል ገጽ»ን ሠርተው ለሦስቱ ይስጡ፣ ስልኩን ፓተርን ያድርጉ። ለአዲስ ቲምና ለኮድ ያሰቡትን ገንዘብ ጦሳ በመስኮት የሚታይባቸውን ክፍሎች ጠዋት ብርሃን ሲገባ ለሚያነሳ ፎቶ አንሺ ይክፈሉት።